ከብሬነር እስከ ሊጉሪያ፦ በብርድ ወራት ካምፐርን ከተራራ ወደ ሞቃት ባሕር ዳር ማድረስ

ከኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ ተነስቶ ብሬነር የሚባለውን የአልፕስ መተላለፊያ ተሻግሮ በጣልያን የሊጉሪያ ባሕር ዳር እስካለችው ላ ስፔዚያ ድረስ ያለው መንገድ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጁላይ አንድ ቀን እንኳ ሙሉ አይፈጅም። በጃንዋሪ ግን ያው መኪና ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ላይ አድሮ ተነስቶ፣ በማግስቱ ከሰዓት በ12 እና በ13 ዲግሪ ሙቀት ባሕሩን እያየ ሊቆም ይችላል። ለዚህ ጉዞ የሚዘጋጅ ሰው መጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ በረዷማው መንገድ ነው። መንገዱን ግን ጠራጊ መኪና ይጠርገዋል፣ ጨው ይረጭበታል፣ ሲከፋም ይዘጋል። ካምፐሩን፣ ማለትም ቤት የተሠራበትን መኪና፣ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ቱቦ ውስጥ ተረስቶ የቀረ ውሃ ነው፤ ተሳፋሪውን ደግሞ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያልቅ ጋዝ። ስለዚህ ከጎማው በፊት ከእነዚህ ሁለቱ እንጀምር።

ውሃውን አፍስሳችሁ ውጡ

ተራራውን ለምታቋርጡባቸው ሁለት ቀናት የካምፐሩን የውሃ መስመር ባዶ አድርጋችሁ መሄድ ይሻላል። ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለእጅ መታጠቢያ ሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ያዙ፤ የሽንት ቤቱን ማጠቢያ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጉት። ድርብ ወለል ያለው፣ ቱቦዎቹ በሁለት ወለሎች መካከል የሚያልፉበት መኪና የገዙ ሰዎች ይህን ማጋነን ይሉታል። እውነት ነው፣ በአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 1646-1 ሦስተኛውን እርከን የሚያገኘው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ የቀዘቀዘ ካምፐር በ4 ሰዓት ውስጥ 20 ዲግሪ መድረስ ሲችል ነው። ያ ግን ማሞቂያው እየሠራ ነው። ማሞቂያው ሌሊት ከቆመ እርከኑ ለቱቦው አይደርስለትም። በዚያ ላይ 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ ጠቅላላ ክብደቱ 3.5 ቶን ላይ ለታጠረ መኪና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ያድጋል። ታንከሩ ሰፊና ላዩ ባዶ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። የሚሰነጠቀው ትንሹ ዕቃ ነው፦ የፓምፑ ራስ፣ የቧንቧው የውስጥ ካርትሪጅ፣ የሻወሩ ጎማ መጋጠሚያ። ክፋቱ ደግሞ በዚያው ቀን አለመታወቁ ነው። በረዶው ራሱ ስንጥቁን ደፍኖት ይቆይና ባሕር ዳር ደርሳችሁ ውሃ ስትሞሉ ወለሉ ሥር ማፍሰስ ይጀምራል።

አፈሳሰሱ ቅደም ተከተል አለው። ማሞቂያውን አጥፉና የፈላው ውሃ እስኪበርድ ጠብቁ። የንጹሕ ውሃውን ታንከር ቡሽ ንቀሉ። የቦይለሩን ማፍሰሻ ቫልቭ ክፈቱ፤ በብዙ ካምፐር ውስጥ ያለው ትሩማ ኮምቢ የሚባለው የቤትና የውሃ ማሞቂያ የሚይዘው 10 ሊትር ነው፣ መኪናው ሥር ጀሪካን ብታስቀምጡ ምን ያህል እንደወጣ ለክታችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። 7 ሊትር ብቻ ከወጣ የሆነ ቦታ አየር አልገባም ማለት ነው። ከዚያ ቧንቧዎቹን ሁሉ ክፈቱ። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው፦ ነጠላ እጀታ ያለው ቧንቧ ወደ ቀዝቃዛው ዞሮ ከተከፈተ የሙቁ መስመር ተዘግቶ ይቀራል፣ ውሃውም እዚያው ታስሮ ያድራል። እጀታውን ወደ ላይ አንስታችሁ ልክ መሃል ላይ አቁሙት። የሻወሩን ራስ ከመስቀያው አውርዳችሁ ወለሉ ላይ አስተኙት፤ ከላይ ከተሰቀለ ጎማው ውስጥ የታጠፈው ውሃ አይወርድም። ፓምፑን ለአምስት ሰከንድ ያህል አስነሱና አጥፉት፤ ከዚያ በላይ በደረቁ ማሽከርከር ይጎዳዋል። የሽንት ቤቱንም ማጠቢያ ተጫኑ። በመጨረሻ መኪናውን አንድ መቶ ሜትር ያህል ነድታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ፍሬን ያዙ፣ የተረፈው ይንጠባጠባል። ቫልቮቹ ክፍት ሆነው ይጓዙ።

የትሩማው ፀረ ውርጭ ቫልቭ ሙቀቱ ወደ 3 ዲግሪ ሲወርድ በራሱ ይከፈትና ቦይለሩን ባዶ ያደርገዋል። መልሶ የሚዘጋው ግን አካባቢው ከ7 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀዝቅዞ በቆመ ካምፐር ውሃ ልትሞሉ ብትሞክሩ በአንድ በኩል ስትቀዱ በሌላው መሬት ላይ ይፈስሳል። ቫልቩን በልብስ መቆንጠጫ አስገድዶ መዝጋት የተለመደ ብልሃት ነው፤ ቫልቩ ግን የተከፈተው ቦይለሩ ሊፈነዳ ስለተቃረበ መሆኑን አትርሱ። መጀመሪያ ቤቱን አሙቁ፣ ቀጥሎ ዝጉ።

የቆሻሻ ውሃው ታንከር ብዙውን ጊዜ ከመኪናው ሥር ለብርድ ተጋልጦ ተንጠልጥሎ ነው የሚሠራው። እዚያ ውስጥ ምንም አታጠራቅሙ፤ ማፍሰሻውን ክፍት አድርጋችሁ ሥሩ ባልዲ አስቀምጡ፣ ጠዋት በረዶውን ከባልዲው ገልብጣችሁ በተፈቀደው ቦታ ድፉ። የራዲያተር አንቲፍሪዝ መጨመር የሚመክር አለ። በውስጡ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ግን መርዝ ነው፣ መሬት ላይ ሊፈስ አይገባም።

ጋዝ፦ ስንት ኪሎ፣ የትኛው ዓይነት

ቡቴን ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ሲል መትነን ያቆማል። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ድረስ ይተናል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ግማሽ ሞልቶ እያለ ማሞቂያው "ጋዝ የለም" ብሎ ከጠፋ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው፦ ፕሮፔኑ መጀመሪያ ተቃጥሎ አልቆ ቡቴኑ ፈሳሽ ሆኖ ታች ተቀምጧል። ሲሊንደሩን ስታነቃንቁት ይንቦጫረቃል፣ ምድጃው ግን አይነድም። ወደ ደቡብ በወረዳችሁ ቁጥር የሚሸጠው ጋዝ የቡቴን ድርሻው ሊጨምር ስለሚችል ተራራውን በንጹሕ ፕሮፔን ተሻገሩ። ባሕር ዳር ስትደርሱ የቡቴን ቅልቅልም ይሠራል።

ለመጠኑ፦ 6 ኪሎ ዋት ማሞቂያ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት ግማሽ ኪሎ ገደማ ጋዝ ይበላል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቀንና ሌሊት የሚሞቅ መካከለኛ ካምፐር በቀን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይፈልጋል፣ ስለዚህ 11 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር ሦስት ቀን ያህል ነው። ሁለት ሙሉ ሲሊንደር ይዛችሁ ውጡ፤ የኦስትሪያ ወይም የጀርመን ባዶ ሲሊንደር ጣልያን ውስጥ በተሞላ ሲሊንደር አይለወጥም፣ መጋጠሚያውም ይለያያል። የአውሮፓ አራቱን መጋጠሚያዎች የያዘ ስብስብ ገዝታችሁ መያዝ ቦታም ገንዘብም አይፈጅም። ተራውን ሲሊንደር የመኪና ጋዝ ማደያ ወስዶ ማስሞላት ግን አደገኛ ነው፦ 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ቫልቭ የለውም፣ ከልክ በላይ የተሞላ ሲሊንደር ደግሞ ሙቀት ሲያገኘው ፈሳሹ ተስፋፍቶ መሄጃ ያጣል። ከውርጭ ወደ ሙቀት የሚሄድ መኪና ውስጥ ይህ የወረቀት ስጋት አይደለም።

ሲሊንደሩ ስንት እንደቀረው ለማወቅ የሻንጣ መመዘኛ ሚዛን በቂ ነው። ባዶ ክብደቱ አንገቱ ላይ ተመትቷል፤ ከእሱ በላይ ያለው ጋዙ ነው። ማታ ማታ መዝኑ። ከ3 ኪሎ በታች ከሆነ ከመተኛታችሁ በፊት ቀይሩት፣ ያላለቀውን ሲሊንደር ቀን ቀን ጨርሱት።

እየነዱ ማሞቅ የሚፈቀደው የጋዝ መቆጣጠሪያው በግጭት ጊዜ በራሱ የሚዘጋ፣ ጎማውም ሲበጠስ ጋዙን የሚያቋርጥ ዓይነት ከሆነ ነው። ካልሆነ ሲሊንደሩን ዘግታችሁ ንዱ። መርዛማ ጋዝ የሌለበት አየር ለመተንፈስ ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መኝታው አጠገብ ይኑር፤ ሽታም ቀለምም የሌለው ነገር ነው። በግድግዳና በጣሪያ የተሠሩትን ቋሚ የአየር ቀዳዳዎች ብርድ ገባ ብላችሁ በጨርቅ አትድፈኑ። የምድጃውን እሳት ለማሞቂያነት መጠቀምም ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ አየሩን ይበላል፣ ከዚያም አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ ከ1.6 ኪሎ በላይ ውሃ በእንፋሎት ቤቱ ውስጥ ይለቃል። ያ ሁሉ ውሃ ፍራሹ ሥርና መስታወቱ ላይ ያርፋል።

ፍሪጁ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ውጭው ከ8 ዲግሪ በታች ሲወርድ በግድግዳው ላይ ያሉትን የአየር ማስገቢያዎች የክረምት መክደኛ አልብሷቸው። ካልሆነ የፍሪጁ ጀርባ ከልክ በላይ ይቀዘቅዝና፣ አስቂኝ ቢመስልም፣ ውስጡ ማቀዝቀዝ ያቆማል።

ጎማ፣ ሰንሰለትና የክብደት አቀማመጥ

ሕጉ በአገር በአገር ይለያያል። ኦስትሪያ ውስጥ ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 መንገዱ በረዷማ በሆነ ጊዜ ሁሉ እስከ 3.5 ቶን የሆነ መኪና የክረምት ጎማ ግዴታው ነው፤ የጎማው ጥርስ ደግሞ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር። ከዚያ በላይ የሚመዝን ካምፐር ሰንሰለት ይዞ መጓዝም ግዴታ አለበት። ጣልያን ውስጥ ከኖቬምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ምልክቱ በተተከለበት መንገድ ሁሉ ወይ የክረምት ጎማ ወይ ሰንሰለት መያዝ ያስፈልጋል። ከጀርመን የምትነሱ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ተቀባይነት ያለው ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለው ጎማ ብቻ ነው፤ የድሮው "ኤም ፕላስ ኤስ" ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም።

የካምፐር ጎማ 5 ባር ገደማ ስለሚሞላ ለሙቀት ለውጥ ከተራ መኪና ጎማ የበለጠ ይንቀሳቀሳል፦ በየ10 ዲግሪው 0.2 ባር። ሞቅ ያለ ጋራዥ ውስጥ ተሞልቶ ወደ ውርጭ የወጣ ጎማ በግማሽ ባር ጎድሎ ሊገኝ ይችላል። በተቃራኒው ተራራው ላይ በውርጭ ሞልታችሁት ከሆነ ባሕር ዳር ስትደርሱ ጠዋት፣ ከመነዳቱ በፊት፣ እንደገና ለኩና አስተካክሉ።

ፊያት ዱካቶ በሚባለው የጭነት መኪና ላይ የተሠሩ ካምፐሮች የሚጎትቱት በፊት ጎማ ነው። አብዛኞቹ ከኋላ አክስሉ ወዲያ ረጅም ጅራት አላቸው፣ ጋራዥ የሚባለው የዕቃ ክፍልም እዚያ ነው። ከኋላ አክስል 1.5 ሜትር ወደ ኋላ የተጫነ 100 ኪሎ፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል 4 ሜትር ባለው መኪና ላይ፣ ከፊት ጎማዎች ላይ 37 ኪሎ ያህል ያነሳል። ብስክሌት፣ ወንበርና ጀሪካን ጋራዥ ውስጥ የጫነ ካምፐር ዳገት ላይ የፊት ጎማው በከንቱ የሚሽከረከረው ለዚህ ነው። ከባዱን ዕቃ ወደ መሃል፣ ወለሉ ላይ አምጡት። ብስክሌት መስቀያው ከኋላ ካለ ጣልያን ውስጥ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀይና ነጭ ሰሌዳ ማንጠልጠል ግዴታ ነው።

ሰንሰለት ከመነሳታችሁ በፊት በደረቅ ቦታ አንድ ጊዜ አስራችሁ ሞክሩ። የመኪናው መመሪያ በየትኛው የጎማ መጠን ሰንሰለት እንደሚፈቅድ ይናገራል፤ ውስጥ በኩል የፍሬኑን ቱቦ የሚነካ ሰንሰለት ከበረዶው ይከፋል። መንገድ ላይ ሲሆን እንዲህ ነው፦

1. ዳገቱ ሳይጀምር፣ የሰንሰለት ማሰሪያ ምልክት ካለበት ሰፊ ቦታ ቁሙ። ተንሸራታችሁ ከቆማችሁ በኋላ ማሰር እጥፍ ድካም ነው።
2. የሚያንጸባርቅ ሰደሪያ ልበሱ፣ ወፍራም የላስቲክ ጓንት አድርጉ፣ ከጉልበታችሁ ሥር የድሮ ምንጣፍ አንጥፉ።
3. ሰንሰለቱን ዘርግታችሁ የተጠማዘዘ ቀለበት ካለ ፍቱ።
4. የውስጡን ክብ ከጎማው ጀርባ አሳልፋችሁ ከላይ አገናኙት፤ ከዚያ የውጭውን። የመወጠሪያውን ሰንሰለት ስባችሁ መንጠቆው ላይ አሳርፉ።
5. ወደ 100 ሜትር ያህል በእግር ፍጥነት ነድታችሁ ቁሙና እንደገና ወጥሩ። ይህን የዘለለ ሰው ሰንሰለቱ ተላቅቆ የጎማ ክዳኑን ሲመታ ይሰማዋል።
6. ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት አትለፉ፤ አስፋልቱ ሲገለጥ አውልቁ።

ሽቅብና ቁልቁል

ብሬነር 1,370 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከአልፕስ ዋና መተላለፊያዎች ዝቅተኛ ከሆኑት አንዱ በመሆኑ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። ከኢንስብሩክ በኤ13 አውራ ጎዳና ወደ 35 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ 800 ሜትር ትወጣላችሁ። ይህ መንገድ ቪኜት ከሚባለው የአውራ ጎዳና ክፍያ ውጭ የራሱ ክፍያ አለው፤ ከ3.5 ቶን በላይ የሆነ መኪና ደግሞ በቪኜት ፈንታ ጎ-ቦክስ የሚባለውን የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ይዞ ነው የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው የአውሮፓ ድልድይ ከሸለቆው 190 ሜትር ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ የካምፐር ጎን እንደ ሸራ ነውና ነፋስ ባለበት ቀን መሪውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ፍጥነት ቀንሱ።

ከመነሳታችሁ በፊት ጣሪያው ላይ ያለውን በረዶ ጥረጉ። ሌሊት ቤቱ ሲሞቅ የታችኛው ንጣፍ ይቀልጣል፣ ጠዋት ማሞቂያው ሲጠፋ ይረጋል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ መስታወት የጠነከረ ሰሌዳ ይሆንና ፍሬን ስትይዙ ወደ ፊት መስታወቱ፣ ስትፈጥኑ ከኋላ ወዳለው መኪና ይበርራል። ረጅም እጀታ ያለው ለስላሳ መጥረጊያና መሰላል በቂ ነው። አካፋ አትጠቀሙ፣ የጣሪያውን መስኮትና ሶላሩን ይቧጭራል።

ከጫፉ እስከ ቦልዛኖ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፣ ወደ 1,100 ሜትር ትወርዳላችሁ። ሽቅብ ብትሆኑ በምትይዙት ማርሽ ውረዱ። 3.5 ቶን በፍሬን ብቻ ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል፤ ለሁለት ዓመት ያልተቀየረ፣ እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይት ደግሞ በ155 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል፣ ያን ጊዜ ፔዳሉ ባዶ ይሄዳል። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ አድርጉ እንጂ ሲጎተት አትውረዱ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ማቆሚያ ፈልጋችሁ ሃያ ደቂቃ ቁሙ፤ የእጅ ፍሬኑን ግን አትሳቡ፣ በማርሽና በታኮ ያዙት። ክሩዝ ኮንትሮል በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሁን።

ሌሊቱ

ጫፉ ላይ ማደር አያስፈልግም። ጉልበት ካላችሁ እስከ ትሬንቶ ውረዱ፣ ከባሕር ወለል 190 ሜትር ገደማ ነው፣ ልዩነቱን በጋዙ ሚዛን ታዩታላችሁ። ሸለቆ ውስጥ ግን ቀዝቃዛ አየር ስለሚተኛ ከወንዙ ዳር ይልቅ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ምረጡ።

ስትቆሙ መጀመሪያ ማርሽ አንድ፣ ከዚያ ታኮ። የእጅ ፍሬኑን አትሳቡ፤ የረጠበ ፍሬን በውርጭ ተጣብቆ ያድርና ጠዋት ጎማው አይዞርም። ከጎማዎቹ ሥር ጣውላ አድርጉ፣ ቆሽሾ የቀለጠው በረዶ ሌሊት ሲጠነክር ጎማውን ይይዘዋል። የዝናብ መጥረጊያዎቹን ከመስታወቱ አንሱ። የማሞቂያው ጭስ መውጫ ጎረቤታችሁ ወደሚተኛበት ጎን እንዳይተነፍስ፣ ነፋስ በገፋው የበረዶ ክምርም እንዳይሸፈን እዩ።

የሹፌሩ ክፍል ሙቀት የሚያመልጥበት ትልቁ ቀዳዳ ነው። የፊት መስታወት መሸፈኛ ከውጭ ከሆነ ከውስጠኛው ይሻላል፤ ውስጠኛው መስታወቱን ይበልጥ ያቀዘቅዘዋል፣ ጤዛውም በሸፈነው ጀርባ ይንጠባጠባል። ሌሊት ማሞቂያውን ፈጽሞ አታጥፉ፣ 15 ዲግሪ ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ተዉት። የታችኛውን ቁም ሣጥን በር ክፈቱለት፣ ቱቦውና ፓምፑ እዚያ ነው። ማታና ጠዋት አምስት አምስት ደቂቃ ሁሉንም በር ከፍቶ ማናፈስ ቀኑን ሙሉ አንድ መስኮት ገርበብ አድርጎ ከመቀመጥ የተሻለ ያደርቃል።

ባትሪውን በተመለከተ፣ ሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከዜሮ በታች መሞላት የለበትም። ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ብዙ ጊዜ ይከለክለዋል፤ ስለዚህ ቀዝቅዞ በቆመ መኪና ውስጥ ሞተር አስነስታችሁ "አይሞላም" ብላችሁ ፊውዝ ከመፍታታችሁ በፊት ቤቱን አሙቁ። ከሶላር ደግሞ በጃንዋሪ ሸለቆ ውስጥ ምንም አትጠብቁ።

ናፍጣ ሲሆን ሰልባትዮውን ተራራው አካባቢ በሚሸጠው የክረምት ናፍጣ ሙሉ። አድብሉ፣ የናፍጣውን ጭስ ለማጥራት የሚሞላው ፈሳሽ፣ ከዜሮ በታች 11 ዲግሪ ላይ ይረጋል፤ መኪናው የራሱ ማሞቂያ አለው፣ ረግቶ ቢያድር ችግር አይደለም፣ ትርፍ ጀሪካኑን ግን ቤት ውስጥ አስገቡ።

ከሜዳው ወዲያ ያለው ሁለተኛ ተራራ

ብሬነርን የተሻገረ ሰው አለቀ ብሎ ይዝናናል። የጉዞው አስቸጋሪ ክፍል ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው። ኤ22 ሞዴና ድረስ በፖ ሜዳ ያወርዳችኋል፣ በጃንዋሪ ደግሞ ያ ሜዳ ጉም ነው። የመኪናው ቴርሞሜትር 1 ወይም 2 ዲግሪ ያሳያል፣ ድልድዮቹ ግን ከሥራቸው አየር ስለሚመታቸው ከመንገዱ ቀድመው ይረጋሉ። በሜትር የምታዩትን ያህል በሰዓት ኪሎ ሜትር ንዱ። የኋላ የጉም መብራት እይታው ከ50 ሜትር ሲያንስ ይበራል፤ ጉሙ ሲገለጥ አጥፉት፣ ከኋላ ያለውን ያሳውራል። ዝናብ ወይም በረዶ ሲጥል በጣልያን አውቶስትራዳ የ130ው ጣሪያ ወደ 110 ይወርዳል፣ ካምፐር ደግሞ 90 ላይ ቢቆይ ለናፍጣውም ይበጀዋል።

ሞዴና ላይ ወደ ፓርማ ዞራችሁ ኤ15 ላይ ስትወጡ አፔኒን ይጀምራል። የቺዛ መተላለፊያ 1,041 ሜትር ነው፣ አውቶስትራዳው ከእሱ ዝቅ ብሎ በዋሻ ያልፋል። ከብሬነር ያነሰ ቢሆንም ከባሕሩ የሚመጣው እርጥብ አየር ከሜዳው ቀዝቃዛ አየር ጋር የሚጋጠመው እዚህ ነውና፣ በረዶው ከባድና ውሃ የጠጣ ይሆናል፣ የሚረጋ ዝናብም አለ። ሰንሰለቱን ከጋራዡ ሥር ያደረገ ሰው የሚያዝነው እዚህ ነው። እስከ ላ ስፔዚያ ድረስ በር አጠገብ ይቀመጥ። የአየር ትንበያውንም ለብሬነር ብቻ ሳይሆን ለፓርማና ለቺዛ ለየብቻ እዩ፤ ከባድ በረዶ ከተነገረ ፓርማ አንድ ሌሊት ማደር ዋሻ አፍ ላይ ከከባድ መኪና ጀርባ ስድስት ሰዓት ከመቆም ይሻላል።

ከዋሻዎቹ ስትወጡ ለውጡ ድንገተኛ ነው። ከላ ስፔዚያ በኤ12 ወደ ጄኖቫ፣ ከዚያ በኤ10 በሳቮናና በሳንሬሞ በኩል እስከ ቬንቲሚሊያ ድረስ መንገዱ ዋሻና ከፍተኛ ድልድይ እየተፈራረቀ ነው። ከሰሜን ተራሮች የሚወርደው ነፋስ ከዋሻ በወጣችሁበት ቅጽበት ከጎን ይመታል፤ ከዋሻው ሳትወጡ ፍጥነት ቀንሱ።

ባሕር ዳር ስትደርሱ

ውሃ ለመሙላት አትቸኩሉ። በድርብ ወለል ውስጥ ያለው ቱቦ ከቤቱ ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፤ ማሞቂያውን አንድ ሌሊት አሠርታችሁ ጠዋት ሙሉ። መጀመሪያ 20 ሊትር ብቻ አስገቡ፣ ፓምፑን አስነሱና ቧንቧዎቹን ዘግታችሁ አድምጡ። ማንም ሳይቀዳ ፓምፑ በየደቂቃው ከተነሳ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። ደረቅ ወረቀት ይዛችሁ የፓምፑን መጋጠሚያ፣ የቧንቧዎቹን ሥርና የሻወሩን ጎማ ጥረጉ። ደህና ከሆነ የሙቁን ቧንቧ ከፍታችሁ አየር ሳይቀላቀል እስኪወርድ ጠብቁ፣ ከዚያ ነው ቦይለሩ የሚለኮሰው።

የፍሪጁን መክደኛ አንሱ። ፍራሹንና የወንበሮቹን መደገፊያ አቁማችሁ ጀርባቸውን አድርቁ፣ ሻጋታ የሚጀምረው እዚያ ነው። የመንገዱን ጨው ከመኪናው ሥር በውሃ አስለቅቁ፤ ሙቀት ሲመጣ ዝገት ይፈጥናል።

ስለ ማቆሚያ፣ በጣልያን የመንገድ ሕግ አንቀጽ 185 መሠረት የቆመ ካምፐር ካምፕ ሠራ የማይባለው መሬት የነካው በጎማዎቹ ብቻ ሲሆን፣ ከሞተሩ በቀር ምንም ፈሳሽ ሳያፈስስና ከራሱ ስፋት በላይ ቦታ ሳይይዝ ሲቀር ነው። ስለዚህ ተራ ማቆሚያ ላይ መሸፈኛ ድንኳን መዘርጋት፣ ወንበር ማውጣት፣ መደገፊያ እግሮቹን ማውረድ ያስቀጣል። ከተራራው የለመዳችሁት ክፍት የቆሻሻ ውሃ ቫልቭ ከባልዲው ጋር እዚህ አይሠራም፤ ዝጉትና "ካምፐር ሰርቪስ" የሚል ምልክት ያለበት ቦታ አራግፉ።

ስትመለሱ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ባሕር ዳር የሚሸጠው ናፍጣ ለከባድ ውርጭ የተዘጋጀ ላይሆን ይችላል፦ ሰልባትዮው በእሱ ሞልቶ ብሬነር አካባቢ ያደረ መኪና ጠዋት ሰሙ ፊልትሮውን ደፍኖት አይነሳም። ከሊጉሪያ ስትነሱ ቦልዛኖ የሚያደርሳችሁን ያህል ብቻ ይዛችሁ ውጡና እዚያ ስትደርሱ በተራራው ናፍጣ ሙሉ። ውሃውን ደግሞ ፓርማ ሳትደርሱ፣ ገና ከዜሮ በላይ እያለ አፍስሱት።